አራት ጣት

ከተክለሃይማኖት ወረድ ብሎ፣ ሱማሌ ተራ ጓሮ፣
ባሌስትራው እንደ ማገዶ፣ ሞተሩ እንደ ድንች ተከምሮ፣
የሸረፋ ጋራዥ አለ፤ በሩ አጭር፣ ደጁ ጠባብ፣
በጋም ክረምትም ጭቃ ነው፤ ከዘይት እንጂ አይደለም ከዝናብ።

እዚያ አስገባኋት አሮጊቷን፣ ነጭ የነበረች ፒካፔን።
"ምኗን ነው?" አለኝ ተጎንብሶ፤ "ፍሬን ነው ወይስ ፍሪሲዮን?"
"ደህና ናት፤ ምንም አላመማት። ከፍ አድርጋት፣ ከመሬት አርቃት፤
ቋጥኝ ብትረግጥ ሆዷን አይንካት፤ ጣራዋ ላይ መኝታ ሥራላት፤
ውሃም ምድጃም ትሸከም፤ መንገድ ሲያልቅ እዚያው እንድናድር።"
ጤነኛ መኪና መጥታበት አታውቅም።
ኮፈኑን ትቶ እኔን መረመረ፣ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ጠጉር።

ሰላሳ ዓመት ካርታ ስዬ፣ አምባሳደር ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ዳሎልን ቢጫ ቀብቼ፣ የኦሞ ሰማያዊ መስመር እንዳይወፍር ስጠነቀቅ፣
እግሬ ግን ቃሊቲን ተሻግሮ አያውቅም ነበር፣
ለሰርግ ናዝሬት፣ ለለቅሶ ደብረ ዘይት ካልሆነ በቀር።
ጡረታ ስወጣ አጨብጭበው የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ።
ሸጥኩት፤ ክሪክ ገዛሁበት።

አራት ወር ፈጀ።
ከተገለበጠ አይሱዙ የተፈታ ባሌስትራ ተደረበላት፤
ከምናለሽ ተራ የሆስፒታል አልጋ ገዝተን፣
በያጁ ላጲሶ ቆራርጦ ፖርቶ መጋላ አወጣላት፤
"ሰው ሞቶበት እንዳይሆን" ብለው እትዬ አመለወርቅ ጠበል ረጩባት።
ድንኳኑን አስካለ ሰፋች፣ የእድሩን ሸራ የምትጠግነው፤
"ድንኳን ለሚስቅ ሰው ስሰፋ" አለች፣ "የመጀመሪያዬ ነው።"

እኔ የፈለግኩት ዝምታ ነበር፦
የማንም ሬዲዮ የማይሰማበት፣
"አለህ ወይ?" ብሎ በር የሚመታ የሌለበት አገር።
ይህን ግን አልነገርኳቸውም፤
ብረት ሲያቀብሉኝ፣ ሻይ ሲጋብዙኝ፣ አፌ አልታዘዘኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አለቀች። ሸረፋ ሞተሩን አስነስቶ
ወደ በሩ ሲያስጠጋት፣ ላጲሶ ጮኸ እጁን ዘርግቶ፦
"ቁም! ቁም! አራት ጣት!"
የበሩ ጉበን ከድንኳኗ በአራት ጣት ያንሳል።
ሁሉን ለክተናል፤ ቡሎን ሳይቀር ለክተናል።
ስኬል የማውቀው እኔ፣ ግማሽ ሚሊ ሲዛነፍ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣
በሩን መለካት ረሳሁ።
መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

የጎሚስታው ልጅ መጥቶ ጎማውን አስተነፈሰ፤ ሁለት ጣት ቀነሰ።
"የቀረውን ሰው ይጫነው!" አለ ሸረፋ፤ ተራው ሁሉ ደረሰ፦
ሻይ ሻጯ ከነፔርሙሷ፣
ሁለት ደላላ፣ ለዛሬ ያለ ኮሚሽን፣
ላጲሶ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
አስካለ መርፌዋን ከነክሩ ደረቷ ላይ ሰክታ፣
ጭነት ጥለው የመጡ አራት ወዛደሮች፣ ስማቸውን እስካሁን የማላውቀው፣
እትዬ አመለወርቅ ጋቢና ውስጥ፣ "ወገቤን! ኧረ ወገቤን!"
ባሌስትራው አቃሰተ፤ አሮጊቷ እንደ ግመል በርከክ አለች።
"ትንፋሻችሁን ዋጡ!" አለ አንዱ፣ ትንፋሽ የሚመዝን ይመስል።
ወጣች።
በጉበኑና በሸራው መካከል የክብሪት እንጨት አይገባም ነበር።

አስፋልቱ ዳር አንድ አንድ እያሉ ወረዱ፤
አንዱ ሲወርድ ትንሽ፣ ሌላው ሲወርድ ትንሽ፣ ከፍ እያለች ሄደች፤
የመጨረሻው ወዛደር ሲዘል፣ ቀልላ፣ ባዶዋን ቆመች።

ሸረፋ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መስኮቴን ተደገፈ፦
"ከዳሎል ስትመለስ ዘይት መቀየርህ አይቀርም። በየት ልታስገባት ነው?"
በሩን አየሁ።
እነሱን አየሁ።
"ስደርስ ጡሩምባ እነፋለሁ" አልኩት። "ሰው ጥራልኝ።"